ከውስጥም የሚቆለፍ በር

«ተገኝቷል» ብለው ሲደውሉላት ኔሊዳ «እሺ» አለች እንጂ አላለቀሰች፣ ፈጣሪንም አላመሰገነች። ስልኩን ዘግታ የጀመረችውን ድንች ልጣ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ነው ከሚኖሩበት ከኮማስ ኮረብታ ወርዳ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ፣ ባሏን ከካያኦ ወደብ አጥር ሥር ያመጣችው። አንሰልሞ ባዶ እግሩን ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። አእምሮው ከከዳው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ «ተራዬ ደርሷል» እያለ ይወጣና፣ መኪና በሌለበት የድሮ መስመሩን በእግሩ ይይዛል። በየፌርማታው ቆሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል አሉ።

ሰው ጨካኝ ናት ይላት ይሆናል። ይበላት። አንድን ሽማግሌ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠበ፣ ያጎረሰ፣ «ማነሽ አንቺ?» ሲባል በቀን አሥር ጊዜ የገዛ ስሙን የተናገረ ሰው ይፍረድባት። የኔሊዳ ልብ ክፉ ሆኖ ሳይሆን እንደ ተረከዝ ደድሮ ነው። ቢወጉት አይሰማውም፤ ለዚያውም የሚወጋው አልጠፋም።

ከፊት ለፊቷ የምትኖረው ዞራይዳ ግን ነገር በሆዷ አታሳድርም። በሚቀጥለው ጊዜ ከሬሳ ክፍል ነው የምታመጪው፣ ይሄ በራፍሽ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት ነው፣ ሕፃንም ይከፍተዋል፣ ቁልፉን ቀይሪው ብላ ወጠረቻት። ኔሊዳም ለመከራከር አቅም ስላልነበራት እሺ አለች። በማግስቱ ዞራይዳ ራሷ ገበያው ጥግ ያለውን ቁልፍ ሠሪ ዊልመርን እየጎተተች አመጣችው።

ዊልመር አፉ አያርፍም። የአንሰልሞን የሾርባ ሳህን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋና ሦስት ዓይነት ቁልፍ ደረደረላት። አንደኛው ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ በእጅ ጠምዘዝ ተደርጎ የሚከፈት ነው። እሱ አሁን ካለው ምንም አይለይም። ሁለተኛው በሩ አናት ላይ የሚመታ ተራ መቀርቀሪያ ነው፤ ከፍ ስለሚል እንዲህ ያለ ሰው ቀና ብሎ አያየውም፣ ቁልፍም አይፈልግም፣ ለቤታችሁ የሚሆነው እሱ ነው አላት። ዞራይዳ ሳቀችበት። አንሰልሞ ራሱ የበሩን ያህል ረጅም ነው፤ ቀና ብላ የምትንጠራራው ኔሊዳ ናት። ሦስተኛው ሴራቱራ የሚሉት ከባድ የብረት ቁልፍ ነው። ከውጭም ከውስጥም ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ በሩን ገፋ ካደረጉት ደግሞ ራሱ ጠቅ ብሎ ይቆለፋል፣ ረሳሁት ማለት የለም።

«እኔን የቸገረኝ» አለ ዊልመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌባው በየት በኩል እንደሆነ ነው። ከውጭ ነው ከውስጥ?»

መልስ የሰጠው አንሰልሞ ነበር። ሾርባውን ትቶ ተነሣና ሦስተኛውን ቁልፍ አንሥቶ በመዳፉ መዘነው፤ ቁልፉን እንደ ሞተር ማስነሻ ወደ ቀኝ አዞረና የብረቱን ድምፅ አዳመጠ።

«ይኼ ነው ቁልፍ» አለ። «ዘንድሮ ሰፈሩ ሌባ በሌባ ሆኗል። ይኼን ግጠምልን።»

ዞራይዳ ፊቷን አዞረች። ኔሊዳ ግን «እሱን ይግጠሙት» አለች። ድሮ ቢሆን ይህ ነገር አንጀቷን ይበላው ነበር፤ ያን ቀን የታያት የምትተኛው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ዊልመር በትራፓኖው የላሜራውን በር ሲበሳ ዋለ። ሲጨርስ ከበሩ ጎን ምስማር መታና ቁልፉን አንጠለጠለበት። በዚያ ከተማ ምስማሩ የሌለበት ቤት የለም። ምድር ስትንቀጠቀጥ ቁልፍ ፍለጋ የሚዞር ሰው ስለማይተርፍ፣ ቁልፍ ቀንም ሌትም ከምስማሩ አይወርድም። ዊልመር ይህን ለኔሊዳ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ጣቱን ወደ ምስማሩ ቀስሮ አየት አደረጋት፣ እሷም ገባኝ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ምን ዋጋ አለው። በማግስቱ አንሰልሞ ቁልፉን ከምስማሩ አውርዶ፣ ከፍቶ፣ ወጣ። ዞራይዳ ከመንገዱ መታጠፊያ መለሰችው። ኔሊዳም ቁልፉን በክር አሰረችና አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ያደረገችው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለች። አውቃም ምንም አልተሰማትም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንሰልሞ ከበሩ ጋር ታገለ። እጀታውን ይይዝና ያንገጫግጨዋል። «ክፈቱልኝ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» ይላል። አይቆጣም፤ የሚለው በትሕትና ነው፣ ሰው ቤት በእንግድነት መጥቶ የተቆለፈበት ይመስል። ኔሊዳ ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። በኋላ መታገሉን ተወው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መዋል ጀመረ፣ ምግቡም ቀነሰ። ዞራይዳ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ረጋልሽ አለቻት። ኔሊዳም መተኛት ቻለች።

መንቀጥቀጡ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ኔሊዳ ሳህን እያጠበች ነበር። መጀመሪያ ውሾቹ ጮኹ፣ ቀጥሎ መስታወቱ ተንጫጫ፣ ከዚያ ወለሉ ከእግሯ ሥር ሸሸ። በልጅነቷ በትልቁ መንቀጥቀጥ ጊዜ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ውጪ፣ ኋላ ትጣሪያለሽ። እግሬ አውጪኝ አለች። እጇ ሳታዘው አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ አገኘ፣ ከፈተ፣ መዘዘ። መንገዱ መሐል ስትደርስ በሩ ከኋላዋ ተመልሶ ጠቅ አለ።

ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ሰው ልጆቹን እየጠራ ያማትባል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው እንደ መዝለያ ገመድ ይወናጨፋል። ኔሊዳ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ቆማለች። ነፋሱ ፊቷን ነካት። ቀለላት። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማት፤ የተሰማትም ደስታ ነበር። ብቻዋን ናት፣ የሚጠራት የለም፣ ቤቱ ደግሞ ሊወድቅ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስባዋለች፤ አላሰብኩትም ብላ ራሷን ልታታልል አትችልም።

«አንሰልሞስ?» አለቻት ዞራይዳ፣ ክንዷን ይዛ።

ያኔ ነው ቆሌዋ የተገፈፈው። ምድሩ ገና ሳይረጋ ወደ በሩ ሮጠች። ቁልፉ በሳሙናው እያዳለጠ እምቢ አላት፤ በቀሚሷ ጠርጋ ደግማ ሞከረች፣ ተከፈተ። እንዳይዘጋ ወንበር ደገፈችበት። የኮርኒሱ አቧራ ቤቱን ሞልቶታል፣ ሳህኖቹ ወለሉ ላይ ደቀዋል።

አንሰልሞ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተንበርክኮ አልጋው ሥር ያያል። ተነሣና ቁምሳጥኑን ከፈተ፣ መጋረጃውን ገለጠ። የእሷን ሰማያዊ ሹራብ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። ግንባሩ ደምቷል፣ እሱ ግን አላወቀውም። ኔሊዳን በር ላይ ሲያያት ደነገጠ።

«እትዬ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ይውጡ እንጂ፣ ጣሪያው ይወርድብዎታል» አላት።

«አንተስ? በሩ ተከፍቷል፣ ና እንውጣ።»

«ሚስቴ አልወጣችም» አለ። «ኔሊዳን ሳልይዝ የትም አልሄድ።»

የውጪው በር ከኋላዋ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ስንት ቀን የለመነው መንገድ ከነነፋሱ እየታየው ነው። ዞር ብሎም አላየው። ኔሊዳ «እኔ ነኝ» ልትለው አፏን ከፈተች። ሌላ ጊዜ በቀን አሥር ጊዜ ትለው የነበረው ነው። ዛሬ ግን አፈረች፤ በዚያ ስም መጠራት አሳፈራት።

«ወጥታለች» አለችው። «ከሁሉም ቀድማ ወጥታለች።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

አንሰልሞ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ጎሽ» አለ። «እሷ ከወጣችማ እኔ ምን ቸገረኝ።»

ኔሊዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ለቅሶው ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠ፣ ድምፅ እያሰማ መጣ። አንሰልሞ የማያውቃት ሴት ቤቱ ወለል ላይ ስታለቅስ ግራ ገባው። ጥቂት አያትና ተነሥቶ ሹራቡን ትከሻዋ ላይ ደረበላት።

«ይልበሱት፣ በርዶዎት ነው» አላት። «የሚስቴ ነው። እሷ ክፉ ሰው አይደለችም፣ አትቆጣም።»