ካውያ ያረፈበት ጥሪ

ሰው በጤናው ወረቀት አይተኩስም። ሸሚዝ ይተኩሳል፣ መጋረጃ ይተኩሳል፣ ሥራ ከፈታም ካልሲ ይተኩስ ይሆናል። የጥርስ ሐኪሙ ግን የሚስቱን ካውያ ከስፌት ክፍሏ ሰርቆ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቦ የተኮሰው ወረቀት ነው። ያውም በዓለም ላይ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ አብልጦ የሚወደውን።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ላይ አጎንብሶ ይውላል፤ ሰፈርተኛው «ነቃዩ» ብሎ ይጠራዋል፣ እሱም አይቀየምም። ከሥራ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ነው። ሌላው አይቶ የሚጥለውን ይሰበስባል፤ የድሮ ኤግዚቢሽን መግቢያ ትኬት፣ የጥሪ ወረቀት፣ ፕሮግራም፣ ፖስተር። የማንም ኤግዚቢሽን እንዳይመስላችሁ! ድሮ የከተማውን ሙዚየም አዳራሽ ያመሱ ሦስት ወጣት ዲዛይነሮች ነበሩ። አበባና ጥልፍልፍ ጌጥ ይቅር፣ ለሰው ልጅ ቀጥ ያለ መስመር፣ ክብና ቀይ ቀለም ይበቃዋል ብለው የማሉ ጉደኞች። ወንበር ሠሩ፣ መብራት ሠሩ፣ ማንቆርቆሪያ ሠሩ። ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩም ትኬቱንና ጥሪውን ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው አተሙት። ነቃዩ የሚሞትለት ያ ወረቀት ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ምላሷም ከመቀሷ አይደንዝም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምቻለሁ» ትላለች፤ «ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተው እኔ ላይ ይወድቃሉ ብዬ ግን አልጠበቅኩም።»

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ከሦስቱ ዲዛይነሮች ሁለቱ ሞተዋል፤ የደወሉት በሕይወት የቀሩት ሦስተኛዋ ናቸው፣ ዕድሜ ጠገብ አዛውንት።

«የወንበሩ ኤግዚቢሽን ነጭ ጥሪ አንተ ጋ ነው አሉ» አሉት በሻከረ ድምፅ።

«አለኝ፣ እማማ! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው!»

«ደግ። እሁድ መጥቼ አየዋለሁ። ቤቴን ለቅቄ የእህቴ ልጅ ጋ ልገባ ነው። አንድ ሳጥን ወረቀት አለኝ፤ የሦስታችን ነው። የሞከርነው፣ የተበላሸብን፣ ሰው ያላየው። ሙዚየሙ መጋዘን ላስገባው ይለኛል። አንተ ወረቀት የሚገባህ ሰው ከሆንክ ለአንተ፣ ካልሆንክ ለመጋዘኑ።»

ነቃዩ ስልኩን ዘግቶ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ዘለለ፣ ተሽከረከረ፣ ግድግዳውን ሳመ። ሚስቱ ኮረንቲ የያዘው መስሏት የእንጨት መጥረጊያ ይዛ ልታላቅቀው ሮጠች። እስከ እሁድ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አንድ በሽተኛ የታመመው በታች በኩል ነው እያለው የላዩን ሊነቅልበት ለትንሽ ነው የተረፈው።

እሁድ ሆነ። አዛውንቷ መጡ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ የወንድ ኮት፣ ክብ ጥቁር መነጽር፣ ምርኩዝ። የታክሲው ሹፌር በሲባጎ የታሰረ የካርቶን ሳጥን ተሸክሞ ተከተላቸው። ሳጥኑን ወንበራቸው ሥር አስቀምጠው አንድ እግራቸውን ጫኑበት። የነቃዩ ዓይን እግራቸውን ትቶ አልሄድ አለ።

መጀመሪያ የመብራቱን ኤግዚቢሽን ፖስተሮች ዘረጋላቸው።

«እዚህ ላይ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቀዩ ከፖስተር ፖስተር እየደበዘዘ ይሄዳል። ብርሃን ሲሞት ማለት ነው። ሌሎች ሰብሳቢዎች ፊት ስለዚህ ነገር ንግግር አድርጌያለሁ።»

«ቀለም አልቆብን ነው» አሉ አዛውንቷ።

ሚስቱ ሳቋን በክር ጥቅል ሸፈነችው። ነቃዩ ምራቁን ዋጠና ወደ ዋናው ጉዳይ አለፈ። ነጭ የጥጥ ጓንቱን አጠለቀ፤ መሳቢያውን ሳበ፤ ከላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ የወንበሩን ኤግዚቢሽን ጥሪ አወጣ። የመሐረብ ስፋት ያለው ወፍራም ነጭ ወረቀት ነው። ከኋላው የሙዚየሙና የኤግዚቢሽኑ ስም በትንንሹ ተጽፏል፤ ከፊቱ እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቁር ዘንጎች፣ ቀይ ግማሽ ክቦች፣ ቆልመም ያሉ ጭረቶች አሉ፣ ሌላ ምንም የለም። የተረፈው ቅጂ ይህ ብቻ ነው።

«የዝምታ ሙዚቃ» አለ ነቃዩ። «ምንም አይልም። ምንም ስላለማለቱ ነው ሁሉን የሚለው። ስለዚህም ንግግር አድርጌያለሁ።»

አዛውንቷ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጠረጴዛው ላይ እንደ መስተዋት ለጥ ብሏል።

«እጥፋቱስ?» አሉ።

«አወጣሁት!» አለ ነቃዩ ደረቱን ነፍቶ። «ምን ዓይነት ጨዋነት የጎደለው ሰው እጅ እንደገባ እንጃ፣ አጣጥፎ አጣጥፎ አበላሽቶት ነበር። በትንሽ ሙቀት፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቤ፣ ስሜቱን ሳልነካ ተኮስኩት።»

«በየትኛው ካውያ?» አለች ሚስቱ ከበሩ።

«ልጄ» አሉ አዛውንቷ፣ «ያጣጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ነቃዩ ክው አለ። አፉን ከፍቶ ቀረ፤ በሽተኞቹ ቢያዩት ኖሮ አንጀታቸው ቅቤ በጠጣ። ለካ እጥፋቱ ጉዳት አይደለም፤ ሥራው ራሱ እጥፋቱ ነው። እሱ ደግሞ የሥራውን ነፍስ በእንፋሎት አውጥቶ ገላውን በላስቲክ ሸፍኖ ሲያመልክ ኖሯል።

አዛውንቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «በል እንግዲህ መጋዘኑ ይሻላል። ቢያንስ ካውያ የለውም።»

«ይቆዩ፣ እማማ! በሞቴ ይቆዩ! እመልሰዋለሁ።»

«የነቀልከውን ጥርስ መመለስ ትችላለህ?»

«አንዳንዴ እችላለሁ!» አለ ነቃዩ፤ እውነቱን ነው።

የአዛውንቷ አፍ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ተመልሰው ተቀመጡ። እግራቸውም ሳጥኑ ላይ ተመለሰ። «እስቲ እንይሃ» አሉ።

ነቃዩ ሮጦ ከቦርሳው የጥርስ ስንጥቅ የሚያይበትን አጉሊ መነጽርና ግንባር ላይ የሚታሰረውን መብራት አመጣ። መስኮቱን ጋረደ። ወረቀቱን ከጎኑ በብርሃን መታው፣ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ጎነበሰ። አየው! ካውያው አለዝቦታል እንጂ አላጠፋውም፤ ቀጫጭን ጥላዎች ወረቀቱ ላይ ይሄዳሉ፣ ይሻገራሉ።

«አለ! አንዱ ከዚህ ማዕዘን ይነሳል! ሁለተኛው ያቋርጠዋል!»

«በነጩ ላይ አትሞክር» አለች ሚስቱ፤ ልብስ የምትቀድበትን ቡኒ ወረቀት በልኩ ቆርጣ እሱ ሲጠራላት በስፌት ጠመኔ አሰመረችው። «እማማ፣ የቱ ይቀድማል?»

«እኔ እንጃልሽ። የኔ እጅ እኮ ያኔ ወጣት ነበረ፣ አሁን የሚያስታውሰው መድኃኒት መክፈት ብቻ ነው።»

እንግዲህ ሦስቱም ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አዛውንቷን ለማስቀመጥ ሁለት ሰው አስፈለገ፤ እሳቸው ግን ከሁሉም ቀድመው ማጠፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ወረቀት ወፍ ሆነ። ሁለተኛው ባርኔጣ ሆነ፤ አዛውንቷ ደፉት፣ አላወልቅም አሉ። ሦስተኛው ምን እንደሆነ እስከዛሬ አይታወቅም፣ ሚስቱ «የባለቤቴ ንግግር ነው» አለች፤ አዛውንቷ በሳቅ ወደ ኋላ ተገለበጡና የሶፋው ትራስ አዳናቸው። ነቃዩ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ በላብ ተጠምቆ፣ «ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፈው!» እያለ ይጮኻል። ጎረቤት ግድግዳውን መታ። ቡኒ ወረቀት ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ሚስቱ አንዱን ጎን ቀድማ ወደ ውስጥ ስታስገባው ወረቀቱ የራሱ ፈቃድ ያለው ይመስል ብድግ አለ፤ እግር አወጣ፣ መደገፊያ አወጣ። ትንሽዬ ወንበር!

ሦስቱም እልል አሉ። ጎረቤት ድጋሚ ግድግዳውን መታ።

«አሁን የራስህን» አሉ አዛውንቷ፣ ድንገት ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ጓንቱን አውልቅ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በነቃዩ ላይ ሊደርስ ነው። ሳጥኑን አገኛለሁ ብሎ አንድያውን ወረቀት ቢቀደውስ? ቢሰነጠቅስ? ሚስቱን አያት። እሷ ለአንዴ እንኳ አልቀለደችበትም፤ ራሷን ነቀነቀችለት። ጓንቱን አወለቀ። ከገዛው ቀን ጀምሮ በባዶ ጣቱ ነክቶት አያውቅም። ወረቀቱ ለስላሳ ነው፣ ሞቅ ያለ። አንዱን አጠፈ። ሁለተኛውን አጠፈ። ወረቀቱ የድሮ መንገዱን ያውቃል፣ ራሱ ይመራዋል። የመጨረሻውን ጎን ወደ ውስጥ አስገባ።

ቆመ። ነጭ ወንበር ምንጣፉ ላይ ቆመ።

መደገፊያው ላይ ግን አንድ ነገር ሆኗል። የተበተኑት ጥቁር ዘንጎች ከቀይ ግማሽ ክቦች ጋር ገጥመዋል፤ ቆልማማዎቹ ጭረቶችም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ነቃዩ በሆዱ ተኛ። መብራቱን አስጠጋ።

«ፊደል ነው» አለ። ከዚያም ገና ንባብ እንደሚለማመድ ልጅ አንድ በአንድ ቆጠረው። «ቅ... ዳ... ሜ። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ይምጡ። ወንበር... ይዘን... ልዎታል።»

ያ ሁሉ የዝምታ ሙዚቃ! ወረቀቱ ለካ ሲናገር ነው የኖረው፤ ያውም በትሕትና።

አዛውንቷ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለከተማው ታላላቅ ሰዎች ሁሉ ላክነው» አሉ። «ብልጦች ነን ብለን እኮ ነው። ወንበሩ በፖስታ ተጨፍልቆ፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ተደብቆ ሲደርሳቸው ከፈቱት፣ ለጥ አድርገው አዩት፣ እንዴት ያምራል አሉ፣ አንዳንዱማ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ደግሞ ማጠፍ ማንም አላሰበም። ቅዳሜ ወንበሮቹን ደርድረን፣ ፀጉራችንን አበጥረን ጠበቅን። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። አንድ ሰው መጣ፤ የሙዚየሙ ዘበኛ ነው፣ መቼ ነው የምትወጡት ለማለት።» ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው ሞላ፤ ማቆምም አልቻሉም። «ሁለቱ ጓደኞቼ እስኪሞቱ ድረስ እኔን ነው የወቀሱኝ። የእጥፋቱ ሐሳብ የኔ ነበራ።»

ሚስቱ አብራ ሳቀች፣ አብራም ዓይኗን ጠረገች። ነቃዩ ግን ከምንጣፉ ተነሳ። የግንባሩን መብራት ፈታ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ። ከዚያ አዛውንቷ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «በጣም አረፈድኩ።»

አዛውንቷ በምርኩዛቸው ጫፍ ሳጥኑን ከወንበሩ ሥር ወደ እሱ ገፉት።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሉት። «እስካሁን ማንም አልመጣም።»