ያልተበላው ወታደር

በሆስፒታሉ የሠራተኞች የቼዝ ውድድር ቀዶ ሐኪሙ ለአምስት ዓመት ዋንጫውን ለማንም አላስነኩም። በስድስተኛው ዓመት ለፍጻሜ የገጠመቻቸው ከልብስ እጥበት ክፍል የመጣች ሴት ነበረች። ቼዝ ያስተማራት ጡረታ የወጣው ሾፌር አባቷ ነው።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት አንሶላ ከማሽኑ ስታወጣ አለቃዋ ጠጋ አላት።

«ስሚኝ እህቴ፣ ኮንትራትሽ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ሰውየው ደግሞ ቃላቸው ይሰማል። እንደምንም ብለሽ ተሸነፊላቸው።»

«ለመሸነፍማ ምን እንደምንም ያስፈልገዋል?» አለችው አንሶላውን እያራገፈች።

ከሰዓት በኋላ ካፍቴሪያው ጢም ብሎ ሞላ። ነጩ ለሐኪሙ ደረሳቸው። ገና በሁለተኛው እርምጃ ከንጉሣቸው ጎን ያለውን ወታደር ገፍተው በነፃ አቀረቡላት። ልማዳቸው ነው፤ የበላ ፍዳውን ያያል፣ የፈራ ተሸማቆ ይከላከላል።

«ብይ እንጂ፣ ግብዣ ነው» አሉ ፈገግ ብለው።

አልበላችም። አልተከላከለችምም። ከንግሥቷ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍታ መሃል ሜዳ ላይ ገተረችው።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

ሐኪሙ በሉት። እሷም ሌላውን ወታደሯን ወደፊት ነድታ የፈረሳቸውን መውጫ ዘጋችባቸው። ፈገግታቸው ጠፋ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ንጉሣቸውን መሸሸጊያ አሳጣችባቸው።

«እኩል እንውጣ?» አሉ በመጨረሻ።

«አይ፣ እንጫወት።»

በዚያው ንግሥቷን አንድ ቤት አሳስታ አስቀመጠች። ሐኪሙ አልማሯትም፤ ተሸነፈች።

አለቃዋ ከጀርባዋ ጎንበስ ብሎ «ጎበዝ፣ ምክሬን ሰማሽ» አላት በሹክሹክታ። ደሟ ፈላ። ተነሥታ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ተሸነፊላቸው ተብዬ ነበር። አልሰማሁም። ለማሸነፍ ነው የተጫወትኩት፤ የተሸነፍኩት ስለተሳሳትኩ ነው።»

አለቃዋ የሚገባበት ጠፋው። ሐኪሙ ቀና ብለው አዩዋትና «እኔም ላብ በላብ ሆኛለሁ» አሉ።

ኮንትራቷ ታደሰ፣ ግን ለሦስት ወር ብቻ። አለቃዋም ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈጋት። እሷ ግን ቅር አላላትም። ሐኪሙ በምሳ እረፍት ቼዛቸውን በብብታቸው ይዘው እጥበት ክፍል መውረድ ጀመሩ።

«ዛሬስ ነጩን ያዢ» ይሏታል።

«ጥቁሩ ይሻለኛል» ትላቸዋለች፣ እጇን በሽርጧ እያደረቀች።