አራት ጣት እንጨት

«ጠብመንጃ ለሰው ይቆረጣል እንጂ ሰው ለጠብመንጃ አይቆረጥም።»

ይህን ያለው ማን እንደ ነበር ወለተኪዳን እርግጠኛ አይደለችም። ወይ አባቷ አስፋው ነው፣ ወይ ያን ለት ከዝናብ ሸሽቶ ቤታቸው የገባው እንግዳ። እሷ ያኔ ከጓዳው በር ጀርባ ተቀምጣ የበግ ጠጉር የምትባዝት ልጅ ነበረች። በበሩ ስንጥቅ ያየችው ግን አልጠፋባትም። እንግዳው የአባቷን ክንድ አጠፈና የጠብመንጃውን ሰደፍ ከክርኑ እጥፋት ላይ አስደገፈው፤ ከዚያ የአባቷ ሌባ ጣት ምላጩ ላይ ይደርስ እንደሆነ አጎንብሶ ተመለከተ። አንደኛው ያን ቃል ተናገረ። ሌላው ሳቀና መልስ ሰጠ። መልሱን አልሰማችም፤ በረት ያሉት በጎች ነጎድጓዱን ፈርተው ባንድ ጊዜ ጮኹ። ነገሩ እንዲሁ በግማሹ ከሷ ጋር አደገ፣ ከሷ ጋር ተዳረ፣ ባሏ ከሞተ በኋላም አብሯት ቀረ።

ባሏ ዓምደ ሚካኤል የሞተው አምና በጥቅምት፣ ጣሊያን መሐል ሜዳ ላይ ምሽግ ባቆመ ሰሞን ነው። ጓደኞቹ እሱን ከገደል ሥር ቀብረው ጠብመንጃውን አመጡላት። ውጅግራ ነው፣ አንድ ጎራሽ። አንዷን ጥይት ይጎርሳል፣ ይተፋል፣ ሌላ እስክታጎርሰው ድረስ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ዓምደ ሚካኤል ከጣሊያን በፊት ሚዳቋ ሲያድንበት የኖረ ነው፤ ከሰደፉ ጫፍ ላይም በገዛ ሰንጢው መስቀል ቀርጾበታል። እሱ ሎጋ ነበር፣ ክንዱም እንደ ቁመቱ። ወለተኪዳን አጠገቡ ስትቆም ከደረቱ አታልፍም ነበር።

የጎበዝ አለቃው ጫኔ ሰዎቹን ይዞ ወደ ሰፈሩ ብቅ ባለ ለት፣ ያን ጠብመንጃ ተሸክማ ፊቱ ቆመች።

«ጠብመንጃ ያለው ሁሉ ይምጣ ብለሃል አሉ። ይኸው መጥቻለሁ።»

ጫኔ ጺሙን እያሻሸ ቁልቁል አያት። «የመጣው ጠብመንጃው ነው ወይስ አንቺ?»

«ሁለታችንም።»

ከሸለቆው ማዶ ሽበት ያበቀለ ትልቅ ድንጋይ አሳያት፤ አንድ ጥይትም ሰጣት። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ስታደላድል ጣቷ ምላጩ ላይ አልደርስ አለ። ምላጩን ስትይዝ ደግሞ ሰደፉ ከትከሻዋ ወጥቶ ክንዷ ላይ ተንጠለጠለ። እንደ ተንጠለጠለ ሳበችው። ጠብመንጃው የክንዷን አጥንት መትቶ በቁጢጥ አስቀመጣት። ድንጋዩ ንክች አላለም።

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ሰማዩን መታችው!» አለ አንዱ። «ምን አድርጎሽ ነው ሰማዩ፣ እመቤት?»

«ሳቅ፤ ጥርስህ ደህና ነው» አለች አቧራዋን እያራገፈች። «ከሰማይ የጀመረ ወደ መሬት መውረዱ አይቀርም።»

ጫኔ አልሳቀም። «እንደ እህት ልንገርሽ። እኔ ጥይት የያዝኩት እንደ አሞሌ ጨው እየላስኩ ነው። መስቀል በዋለ ማግስት ወደ መርሐቤቴ እንሻገራለን። ያን ለት ድንጋዩን ከመታሽ እንደ ማናችንም ትሄጃለሽ። ካልመታሽ ጠብመንጃውን ለሚችል ወንድ ታስረክቢያለሽ። በዚህ ዘመን ውጅግራ ቤት አይውልም።»

«እመታዋለሁ።»

«በየትኛው ክንድሽ?»

«በዚሁ በራሴ። ክንዴ ከእንግዲህ አያድግም፤ እንጨቱ ግን ያጥራል።»

የሰፈሩ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ አያ ወዳጆ ናቸው። መንዝ ዛፍ የለው፣ እሳቱ እንኳ ኩበት ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው እንጨትን የሚይዙት ከሩቅ አገር እንደ መጣ ዘመድ ነው፣ እያገላበጡ፣ እያሻሹ፣ በጥያቄ። ወለተኪዳን ጠብመንጃውን ከተጠቀለለበት ዝተት ፈትታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

«አያ፣ ይህን ሰደፍ አራት ጣት ያህል ይቁረጡልኝ።»

ሽማግሌው የያዙትን መሮ አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

ክንዷን አጠፈችና ሰደፉን ከክርኗ እጥፋት አስደግፋ አሳየቻቸው። የጣቷ ጫፍና ምላጩ አልተገናኙም፤ በመካከላቸው አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ቀረ።

«ይህ የዓምዴ ጠብመንጃ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ነበር።»

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ?»

ያን ጊዜ የልጅነቷን ነገር ነገረቻቸው፤ ዝናቡን፣ እንግዳውን፣ የታጠፈውን ክንድ፣ ጠብመንጃ ለሰው ይቆረጣል የተባለውን። አያ ወዳጆ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። «መልሱስ? ያኛው ምን አለ?»

«አልሰማሁም። በጎቹ ጮኹ።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያ ግማሽ ወሬ ይዘሽ ነው ሙሉ ጠብመንጃ የምታስቆርጪኝ!»

«ግማሹ በቃኝ፣ አያ።»

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ አውራ ጣታቸው ሰደፉ ላይ የተቀረጸውን መስቀል አገኘ። ፊታቸው ተለወጠ። «መጋዜን መስቀል ላይ አላሳርፍም። ይህን አትለምኝኝ።»

«አያርፍበትም። ለክተው ይዩት። መጋዙ የሚያልፈው ከመስቀሉ በላይ ነው፤ መስቀሉ ሳይነካ ከቁራጩ ጋር ይወጣል።»

ለኩት፤ እንዳለችው ሆነ። እንደገና ለኩት። «ሞፈር ሳበላሽ ሌላ እጠርባለሁ» አሉ በቀስታ። «ይህ ግን ማጣፊያ የለውም። ከዛሬ ወዲያ የወንድ ትከሻ ላይ አይቀመጥም።»

«እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።»

አያ ወዳጆ ጠብመንጃውን መለሱላት። «የሟችን ዕቃ የሟች ወንድም ሳይፈቅድ አልነካም። አበጀ ይምጣና እዚህ ደጃፌ ላይ ቆሞ ይቆረጥ ይበለኝ። ያን ጊዜ እቆርጣለሁ።»

ዋርሳዋ አበጀ፣ የዓምደ ሚካኤል ታናሽ ወንድም፣ ጣራው ላይ ነበር። ጣሊያኖች አቃጥለውት የሄዱትን የእናቱን ቤት በጓሳ ሣር መልሶ እየከደነ ነው። ጉዳዩን ከታች ሆና ስትነግረው ሣሩን እንደ ያዘ ቀረ።

«እትዬ፣ ጤናም የለሽ? እኔ እኮ ቦታውን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ሞራ ቀብቼ፣ በቆዳ ጠቅልዬ ዋሻ ላስተኛው ነው። ለጥቅምት ማርያም፣ ለሙት ዓመቱ አወጣዋለሁ። አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቄ አልቃሾቹ ፊት እይዝለታለሁ። ወንድሜ አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«ፈረሱን ወሰዱት፣ ጋሻው ከቤቱ ጋር ነደደ። የቀረው ይህ ነው። ይህንንም ጎምጄ ይዤ አደባባይ ልውጣ? አበጀ ወንድሙን አሳጠረው አይሉኝም?»

«ጠብመንጃው እንጂ ዓምዴ መቼ አጠረ?»

«ላንቺ! አልቃሽ ግን የምትገጥመው ያየችውን ነው።»

ወለተኪዳን ጠብመንጃውን ከትከሻዋ አወረደች። ከዚያ «እስቲ ውረድ» አለችው።

ወረደ። ጠብመንጃውን ሰጠችው። «ትከሻህ ላይ አድርገው።» አደረገው። ሰደፉ የትከሻው ጎድጓዳ ውስጥ ቁጭ አለ፣ ጣቱ ምላጩን አገኘ፣ ጉንጩ የወንድሙ ጉንጭ ያለሰለሰው እንጨት ላይ አረፈ። እሷም አየችው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም ዓምደ ሚካኤልን ነው።

«ልክህ ነው። እንግዲያ አይቆረጥም። ይዘኸው ሂድ።»

«የት?»

«መስቀል በዋለ ማግስት ከጫኔ ጋር። እኔ ጣራውን እከድናለሁ፣ ገብስህን አጭዳለሁ፣ እናታችሁን እጦራለሁ። ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፣ አላጓድልባትም።»

ከውስጥ የአሮጊቷ ሳል ተሰማ። አበጀ ወደ በሩ ዞር አለ፤ ጠብመንጃው ቀስ እያለ ከትከሻው ወረደ። «ሁለታችንም ልጆቿ ካለቅን እናቴ ትሞታለች» አለ። «አንቺ ብትጦሪያትም ትሞታለች። አልችልም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ነውር የለበትም፤ ፈሪ የሚልህም ካለ ከኔ ጋር ነው ጠቡ። ግን ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ወይ ሂድበት ወይ ይቆረጥና ልሂድበት። ሞራ ጠጥቶ ዋሻ የሚተኛ ጠብመንጃ የለኝም። እነዚያ ጣሊያኖችም ከኛ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ተኝተን እንድንጠብቃቸው።»

አበጀ ጠብመንጃውን እንደ ያዘ ፊት ፊቷ ሄደ። አያ ወዳጆ ደጃፍ ሲደርስ ቆመ፤ «ይቆረጥ» አለ፤ ጠብመንጃውን አስረከበ። ከዚያ ወደሷ ሳይዞር፣ «ለሙት ዓመቱ ግን እኔን አትጠብቁኝ። ባዶ እጄን ሰው ፊት አልወጣም» ብሎ ሄደ።

ቃሉ ከመጋዙ በፊት ቆረጣት። ወንድም የሌለበት ለቅሶ ምን ለቅሶ ይባላል? ቢሆንም «ይቁረጡ፣ አያ» አለች።

ሽማግሌው አማተቡ። የሰደፉን ብረት ፈትተው አወጡ፣ መስመሩን በከሰል አሰመሩ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጀመሩ። የዛገ ድምፅ አወጣ፤ እንጨቱ አሮጌ ነው፣ ዱቄቱ የሞራና የባሩድ ሽታ አለው። ቁራጩ ሲወድቅ መሬት ሳይነካ በነጠላዋ ተቀበለችው። ብረቱን ሊመልሱ ሲሉ ሰደፉ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ነበርና ብረቱ በዙሪያው ተርፎ ቀረ።

«ይተዉት፣ ግድ የለም።»

«ትከሻሽን እንዲገሸልጥ?» ብለው የተረፈውን ብረት በድንጋይ እየሞረዱ አነሡት። ጣቶቿ አጫጭር ስለ ሆኑ ከምላጩ ኋላ ያለውን አንገትም በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው አሳሱላት። ማንገቻውን እሷ ራሷ አሳጠረች፤ ከቀሚሷ ትከሻ ሥር የበግ ጠጉር ባና አጥፋ ሰፋች። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ ባዶውን ጠብመንጃ ትከሻዋ ላይ እያደረገችና እያወረደች ዋለች። በጾሙም በጸሎቱም መሐል ክንዷ መንገዱን ለመደ።

መስቀል በዋለ ማግስት ጫኔ ሰዎቹን ይዞ መጣ። እንደ ቀድሞው አንድ ጥይት ሳይነፍግ ሰጣት። ወለተኪዳን ጠብመንጃውን አነሣች፤ እንደ ሕፃን ትከሻዋ ሥር ገባላት። ሳበችው። ከማዶ ሽበታሙ ድንጋይ ነጭ ፍንጣሪ ተፋ።

ማንም አልሳቀም። ጫኔ እጁን ዘረጋ። «እስቲ ወዲህ በይው።» ትከሻው ላይ ሊያደርገው ሲሞክር ክርኑ ተጣጠፈ፣ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ነካው። ያን ጊዜ ወንዶቹ ተንከተከቱ።

«ይህ ለሰው የሚሆን አይደለም!» አለ ጫኔ።

«አዎን፣ ለኔ ነው» አለችና ተቀበለችው።

ጫኔ አፍንጫውን እያሸ ፈገግ አለ። «በይ ስንቅሽን ያዢ። ከኋላ እንዳትቀሪ።»

አልቀረችም፤ ግን በአበጀ ደጅ በኩል አለፈች። ጣራውን ጨርሶ ከግንቡ ሥር ተቀምጧል። አጭሩን ጠብመንጃ አይቶ ዓይኑን መለሰ። ከመቀነቷ የተጠቀለለ ጨርቅ ፈትታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። አራት ጣት እንጨት፤ የዓምደ ሚካኤል መስቀል ሳይነካ አለበት።

«ምን ላድርገው?»

«ለጥቅምት ማርያም ይዘኸው ውጣ።»

«በጠብመንጃ ፋንታ ቁራጭ እንጨት?»

«የቀረውስ የት ነው ያለህ እንደሆነ፣ ሥራ ላይ ነው በለው።»

አበጀ ቀና ብሎ አያት። «ለቅሶው ላይ ባንዳዎችም ይኖራሉ፣ እትዬ።»

«ይኑሩ። ይስሙ።»

ጫኔ ከላይ ሆኖ ተጣራ። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ያለሱ ቃል የምትሄድበት እግር አልነበራትም። አበጀ ቁራጩን አነሣ። እንደ ሟች ጠብመንጃ፣ እጁ በልማድ ወደ ታች ዘቀዘቀው። ወዲያው ደነገጠና መልሶ አቃናው።

«መስቀል አይዘቀዘቅም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ፤ ሲቆም የወንድሙን ያህል ነው። «እወጣለሁ። ቀጥ አድርጌ፣ ከሁሉም ፊት ሆኜ እይዝለታለሁ። የቀረው የት ነው ሲሉኝም እነግራቸዋለሁ።»