የሱሩር መስኮት

ባህል ባህል ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። እኔ ሸዋአየሁ፣ ካዛንቺስ ክትፎ ስሸጥ ፀጉሬ የሸበተ ሴት፣ ባህል እንዳለኝ የተነገረኝ ቤቴ ከፈረሰ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረኝ ምግብ ቤት ብቻ ነው።

ከግድግዳዬ ወዲያ ሱሩር ነበር፤ እሱም ክትፎ ቤት። አንድ ክረምት በመሃላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ተደረመሰ። እኔ «ያንተ ነው፣ አንተ አሠራው» አልኩ። እሱ «ኧረ ያንቺ ነው ሸዋዬ» አለ። ሁለታችንም ግትሮች ነንና ቀዳዳው ሳይደፈን ከረመ። ደንበኛ ደግሞ ክርክር አያውቅም፣ ይርበዋል። አንድ ቢሮ የሚሠሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ለምሳ አብረው ይመጡና፣ ሥጋ ላይ ሲደርሱ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሱሩር ጋ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። ግድግዳው ከተቀደደ ወዲህ ግን አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። የክርስቲያኑ ከኔ ማድቤት ይወጣል፣ የሙስሊሙ በቀዳዳው በኩል ከሱሩር ይመጣል። እንዳይምታታ የኔ ሳህን ጠርዙ ቀይ፣ የሱ ሰማያዊ። ቆጮና ጎመኑ የጋራ። በኛ ጾም የሱ ቤት ይደምቃል፣ በረመዳን ቀን ቀን የኔ። በኋላ ቀዳዳውን እንጨት አስመትተን መስኮት አልነው። በቃ፣ ይኸው ነው! ማንም ቁጭ ብሎ አላሰበውም።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ሱሩር ከከተማው አንድ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ እኔ ከሌላው ጫፍ። በቦታችን ላይ ፎቅ ቆመ። የፎቁ ባለቤት ሚልዮን ግራውንዱ ላይ «የድሮዋ ካዛንቺስ» የሚል የባህል ምግብ ቤት ሊከፍት አሰበና፣ አርያም የምትባል የባህል አማካሪ ቀጠረ። እሷም ማድቤቱን እንድይዝላቸው እኔን አፈላልጋ አገኘችኝ።

መስኮቱን ስነግራት እንባዋ መጣ። «ዋው! እትዬ ሸዋአየሁ፣ ማለቴ፣ ኮንሰፕቱ ራሱ ይሄ ነው! መስኮቱ የግድ ይገባል።»

«ሱሩርስ? እሱ ከሌለ እኔም የለሁም» አልኳት።

«መስኮቱ ካለ ጋሽ ሱሩርም አሉ ማለት ነው» አለችኝ።

በደስታ ሰክሬ ሱሩር ጋ ደወልኩ። ቤት መዋል እየገደለው እንደሆነ ሚስቱ ፋኢዛ ነግራኛለች። «መስኮታችን ተመልሷል! ቅዳሜ ምረቃ ነው፣ ና!» ስለው «ቢላዬን ልሞርድ?» አለኝ።

«ሞርድ እንጂ!» አልኩት። ወይ የኔ ነገር!

ቤቱን ከውስጥ ያየሁት የምረቃው ቀን ነው። አርያም ጥልፍ ቀሚስ አለበሰችኝ። መስኮቱ አለ፤ በዋንዛ እንጨት ተቀርጾ፣ መብራት ተደርጎለት፣ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከላዩ «ባህላዊ የመቻቻል መስኮት» ይላል። እንግዳው ሁሉ ሥሩ እየቆመ ፎቶ ይነሳል። ሱሩር የዒድ ኮቱን ለብሶ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ቀጥ ብሎ ሄዶ መስኮቱን ከፈተው።

ከኋላው ነጭ ግድግዳ ነው።

«የኔ ማድቤትስ?» አለ።

አርያም ተንተባተበች። «ጋሽ ሱሩር፣ እ... ወዲያ ያለው ለባንክ ተከራይቷል። ግን ስምዎ ሜኑው ላይ አለ!»

እውነትም አለ። «ሱሩር ስፔሻል» ይላል። ከኔ ማድቤት፣ በክርስቲያን ሥጋ የሚሠራ፣ ሱሩር ራሱ የማይቀምሰው ክትፎ! ወይ ጉድ!

ሱሩር ፌስታሉን ፈታ። የተሞረደ ቢላውና ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ሳህኑ ናቸው። «ሸዋዬ፣ ወደ ቤት ልመልሳቸው?» አለኝ በቀስታ።

ለጌጥ የቆመውን ዘነዘና ብድግ አደረግኩና ያንን ግድግዳ ወቀጥኩት። ለካ ጂፕሰም ኖሯል፣ ወዲያው ተበሳ። ከወዲያ በኩል ኤቲኤም ላይ የቆመ ሰውዬ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

ሱሩር አንገቱን በቀዳዳው አስገባ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ምድጃ ነበረኝ» አለው።

ከኋላችን ጭብጨባው ቀለጠ። እንግዶቹ ትርኢት መስሏቸዋል። አርያም እያለቀሰች ትቀርጻለች። ሚልዮን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ይሄማ በየቅዳሜው ይደገማል! ግድግዳውን እኛ እናስደፍነዋለን» አለኝ።

ያላጨበጨበው ሱሩር ብቻ ነው። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።