የእንግዳወርቅ እጅ

ደቻሳ በሕልምና በመንፈስ የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አምቦ ገበያ ዳር ሱሪ ሲሰፋ የኖረ፣ የሰው ወገብ እንጂ የሰው ወሬ የማይለካ ልብስ ሰፊ ነው። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋደም ብሎ ሲነቃ ደረቱ ላይ የሰው እጅ አርፎ ቢያገኝ አልጮኸም። እጁን መመርመር ጀመረ።

እጁ ይሞቃል። ትንሿ ጣት ላይ ቀጭን የብር ቀለበት አለ። ቀለበቱ የሚስቱ የእንግዳወርቅ ነው። ሴቶቹ አስከሬኗን ሲያጥቡ አውልቀው ሰጡት፤ እሱም ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ግራ እጁ ትንሿ ጣት ላይ አድርጎት ከርሟል። ይህን ግን ያን ጊዜ አላስታወሰም። ግራ እጅ የሚባል ነገር ኖሮት እንደሚያውቅ እንኳ ትዝ አላለውም። የታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳወርቅ በሞተች በሠላሳ ዘጠኝ ቀኗ፣ በተዝካሯ ዋዜማ፣ ተመልሳ መጥታ ከጎኑ ተኝታለች።

"ቆየሽ" አላት።

ዞሮ ሊያያት ሲል ዓይኑ እምቢ አለው። በግራ በኩል ግድግዳውም አልጋውም የለም። ጨለማ ቢሆን እንኳ ጨለማ ነው ይባል ነበር፤ እዚያ ግን ምንም የለም። እጇ ብቻ ከዚያ ምንም ከሌለበት ወጥቶ ደረቱ ላይ ተኝቷል። ቀሪው ገላዋ የት እንዳለ አልጠየቀም፤ የመጣውም በዝቶበት ነበር።

ጓሮ ጠላ ስታጣራ የነበረችው የሚስቱ እህት አመለሸጋ ልትቀሰቅሰው ስትገባ አፉ ተጣሞ፣ ዓይኑ ወደ ቀኝ ተተክሎ፣ በቀኝ እጁ ግራውን ሲደባብስ አገኘችው። "ዱፍቴ" አላት በኦሮምኛ፣ መጣች ማለቱ ነው፤ "እህትሽ መጥታለች።" አመለሸጋ ነገር የማይገባት ሴት አይደለችም፤ ግን እህቷን ስታለቅስ የከረመች ሴት ናት። እጁን አንስታ አሸተተችውና ፊቷ ተለወጠ። የእሷ ሽታ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ሐኪም የሚል ቢኖር የሚሰማው ጠፋ። ነፍሷ ለተዝካሯ መጥታ ባሏ ላይ አርፋለች፣ ነገ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ በሰላም ትሸኛለች፣ እስከዚያ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው ተባለ። እጁን ቅቤ ቀቡት፣ በነጠላ ሸፈኑት፣ በሩንም ዘጉት።

ሃዊ ወሬውን ሰምታ የደረሰችው አምስት ሰዓት ላይ ነው። የደቻሳ አንድ ልጁ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ በአክስቷ ዓይን ደግሞ ከሁሉም በፊት ጴንጤ። ለሙታን ድግስ አልደግስም ብላ ከእናቷ ተዝካር እጇን ከሰበሰበች ወዲህ ከአክስቷ ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። አባቷን አንዴ አየችውና መቼ እንደተኛ ጠየቀች። ሦስት ሰዓት አሏት።

ቆማ ለሁሉም አስረዳች። አንጎሉ ውስጥ ያለ አንድ የደም ሥር በረጋ ደም ተደፍኗል፤ ግራ ጎኑ የከዳው፣ እጁም የሰው እጅ የመሰለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለሦስት ሳምንት ብቻ የመጣ እንግዳ ሐኪም አለ፤ ባለፈው ሳምንት ሥልጠና ላይ ሲያስተምር ሰምታዋለች። ጭንቅላት አይከፍትም። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በደም ሥሩ ውስጥ እስከ አንጎል ድረስ ገፍቶ፣ የረጋውን ደም ስቦ ያወጣዋል። ግን ስድስት ሰዓት ካለፈ ደም ያጣው አንጎል ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ ማውጣቱ ትርፍ የለውም። ሁለቱ ሰዓት ባክኗል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መድረስ አለባቸው።

ደቻሳ ሁሉንም ሰማ። ጆሮውም ልቡም ደህና ነበሩ፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

"አልሄድም" አለ ረጋ ብሎ። "እናትሽን ጥዬ የትም አልሄድም።"

"አባ፣ ይህ እኮ ያንተ እጅ ነው።"

"የእኔ ይኸው" ብሎ ቀኙን አሳያት። "ያ የእናትሽ ነው። ከወሰዳችሁኝ ትሄዳለች።"

በሩ ላይ ዘመድ ሁሉ ቆሟል፤ አስገድዳ ልትወስደው አትችልም። ደቻሳ የልጁን ፊት አየ። ይህች ልጅ ስትዋሽ አይቷት አያውቅም፤ በሕፃንነቷ እንኳ የሰበረችውን ብርጭቆ ራሷ ይዛ መጥታ የምታሳይ ልጅ ነበረች። አሁን ግን ቀስ ብላ ተንበረከከች፣ ነጠላውን ገልጣ ያንን እጅ ሳመችው።

"እማዬም አብራን ትሄዳለች" አለች። "አጠገብህ አስተኛታለሁ።"

አመለሸጋ አማተበችና በሩን ለቀቀች።

በመንገድ ላይ ደቻሳ እጇን ለአፍታ አልለቀቀም። ጊንጪን ሲያልፉ ጊንጪ ደረስን አላት። አዲስ ዓለም ላይ ጨበጠችኝ ብሎ ለሃዊ ነገራት፤ ሃዊም ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል እሺ አለችው። ስምንት ሰዓት አልፎ ሆስፒታሉ ደረሱ። ጭንቅላቱን በማሽን ፎቶ አነሱት፣ እንዳይንቀሳቀስ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ጋር በጨርቅ አሰሩት፣ ብሽሽቱን አደነዘዙት እንጂ አላስተኙትም። እንግዳወርቅ እዚህ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ። ሃዊ ከበሩ ሆና እዚህ ናት አለችው።

ቱቦው በውስጡ ሲሄድ አልተሰማውም። የተሰማችው እሷ ናት። መጀመሪያ ክብደቷ ቀለለው። ቀጥሎ ሙቀቷ እየራቀ ሄደ። ምንም ባልነበረበት በግራው በኩል ግድግዳ ብቅ አለ፣ ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ጭንብል ያጠለቀች ነርስ፤ የእንግዳወርቅ ቦታ በሌላ ነገር ሁሉ ሞላ። "ያዙልኝ" አለ። ሐኪሙ እንዳይናገር በምልክት ነገረው። ራሱ ሊይዛት ቀኙን ቢስብ ታስሯል። ያን ጊዜ ሌላ እጅ ታዘዘው። አምስት ጣቶች ተሰብስበው ባዶ አየር ጨበጡ፤ የጨበጠውም እሱ ራሱ ነበር።

ሐኪሙ ያወጣውን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ አሳየው። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ የጠቆረ ደም ነው። ሃዊ እየሳቀች ገባች። ግራ እጅህን አንሳ አለችው፤ አነሳ። ጨብጥ አለችው፤ ጨበጠ። የማን እጅ ነው አለችው። የእኔ አላት። መኖሩ ደስ ብሎታል፤ ሐዘኑ ግን ዛሬ እንደ አዲስ አንድ ብሎ ጀመረ።

"ሃዊ ኮ" አላት፣ የእኔ ሃዊ ማለቱ ነው፤ "እናትሽስ?"

እውነቱን ሁለቱም ያውቁታል። "እስከ በሩ ሸኝታህ ተመለሰች" አለችው።

"ሳትሰናበተኝ?"

ሃዊ ሌላ ውሸት አልነበራትም። እናቷ በሰማይ ናት እያለች ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ዘለላ እንባ ያላፈሰሰችው ልጅ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ደቻሳም በግራ እጁ አቀፋት።