ያልተረጨ ማር

ሙሉእመቤት ጣፋጭ ስትወድ ለጉድ ነው። ቀበሌው በካርድ የሚያድላት ስኳር ሳምንት አይዘልቅላትም። ከጸነሰች ወዲህማ ብሶባታል። ስኳሩ ሲያልቅ መጠጊያዋ ማር ነበር፤ ማሩን ግን ካገኘችበት እንዳትገዛ ባሏ ወልደሰማያት ከልክሏታል።

"የጌራ ጫካ ማር ብቻ" ብሏታል። "ከሰርቦ የመጣውን እንዳትነኪ። ልጅ በሆድሽ ይዘሻል።"

የጌራው ማር ዋጋ የሰርቦው እጥፍ ነው። በአስተማሪ ደሞዟ እሱን ለመግዛት ስትል ሥጋ ትታለች፤ የተቀደደ ጫማዋን እያሰፋች ትጫማለች። ምክንያቱን አልጠየቀችውም፤ ታውቀዋለችና። የቡና ፍሬ የሚያጠቁረውን በሽታ ለመከላከል በሰርቦ ቡና ላይ መድኃኒት የሚያስረጨው የግብርና ሠራተኛው ራሱ ወልደሰማያት ነው። የሰርቦ ቀፎዎች ደግሞ የሚሰቀሉት ከዚያው ቡና በላይ፣ በጥላ ዛፎቹ ላይ ነው።

ይኸው ሰው ባለፈው ዓመት በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ "መድኃኒቱ ለሰውም ለንብም ጉዳት የለውም" ብሎ ነበር። ጅብሪል የሚባል ገበሬ ተነስቶ "ታዲያ ንቦቼ ለምን ረገፉ?" ቢለው "አድኃሪ" ተብሎ ሁለት ወር ታሰረ። እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ። የጠየቀው እስር ቤት ገባ፤ የዋሸው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ማር አማረጠ። ይህንንም "ሳይንስ" አሉት።

ሐሙስ ዕለት ሙሉእመቤት እንደ ልማዷ የከተማቸው ገበያ መርካቶ ወርዳ ከዙሀራ ፊት ቆመች። ዙሀራ የዚያ የታሰረው የጅብሪል ሚስት ናት። በሰርቦ ጓሯቸው ከተረፉት ንቦች የሚቆርጡትን ማርና ከጌራ ነጋዴዎች የምትረከበውን ጎን ለጎን ትሸጣለች።

"ዛሬም የኛን አትቀምሺም?" አለቻት ዙሀራ። "ይኸው፣ እንደ ወተት የነጣ። ርካሽ ነው። ነው ወይስ ደሞዝ ጨመሩልሽ?"

"ማን ጨምሮልኝ፣ እማማ ዙሀራ። የጌራውን ይስጡኝ።"

"ኤዬ፣ የጓድ ሚስት ጉሮሮ የድሃ ማር አያስገባም።"

በዙሪያው የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ሙሉእመቤትም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። ዙሀራ ግን ሳቁ ሳይበርድ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሰኞ ሊረጩ ተመልሰው ይመጣሉ አሉ። የልጄ ሚስት ሀጂራ እንዳንቺው ነፍሰ ጡር ናት። ሌላ ምግብ አልረጋላት ብሎ የምትበላው የኛን ማር በቂጣ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ባልሽ ያለው እውነት ነው?"

ሙሉእመቤት "እውነት ነው" ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሀጂራም ነገ ጧት እንደ ወትሮዋ ትበላለች። "ሐሰት ነው" ብትል ወሬው ሳይመሽ ሰርቦ ይደርሳል፤ ገበሬው በረጪዎቹ ላይ በሩን ይዘጋል፤ ወልደሰማያትም በአሻጥረኛነት ይያዛል። በዚያ ዘመን ደግሞ የተያዘ ሁሉ እንደ ጅብሪል በሁለት ወር አይመለስም። እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

"አይስጧት" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ አይስጧት።"

"ያ አላህ" አለች ዙሀራ፣ ቀስ ብላ። የጌራውን ማር የያዘውን ቅል ከድና ከጀርባዋ ካለው ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። "ይሄ እንግዲህ የሀጂራ ነው። አልሸጥልሽም።"

ሙሉእመቤት ባዶ ዕቃዋን ይዛ ቦሳ አዲስ ሰፈር እስካለው ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች። ወልደሰማያት ለምሳ ገብቶ ጠበቃት።

"ማሩስ?" አላት።

"ለሌላ ነፍሰ ጡር ሄደ። ለጅብሪል ምራት።"

"ምን አልሻቸው?"

"አንተ እኔን ያልከኝን።"

ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ምን እንዳደረግሽ ገብቶሻል? የላይኞቹ ያሉኝን ነው እኮ የተናገርኩት። እኔ ነኝ ያመጣሁት መድኃኒቱን?"

"መድኃኒቱን አንተ አላመጣኸውም። ውሸቱን ግን በአፍህ ተናግረኸዋል። ሰኞ ሰርቦ ስትሄድ በዚያው አፍህ እውነቱን ንገራቸው።"

"ያስሩኛል፣ ሙሉ።"

"ጅብሪልም ታስሯል" አለችው።