ቦርጫሙ ፊደል

መነጽር ሠሪው ኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ በጻፈ ቁጥር፣ ቋንቋው ከጣለው ብዙ መቶ ዓመት ያለፈውን አንድ ፊደል ይሰነቅርበታል። ቶርን ይባላል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወገቡ ላይ ቦርጭ ያወጣ ፊደል ነው፦ þ። ምላስን በጥርስ መሃል ለሚያሾልክ ድምፅ ሁለት ፊደል (th) ማባከን ምን የሚሉት ነው ባይ ነው። አንባቢዎቹ ግን «ስልክህ ወድቆብህ ነው እንዴ?» እያሉ ይሳለቁበታል።

በቦርጫሙ ፊደል የምትመልስለት ራሷን ጃርት ብላ የሰየመች አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሱ በሚኖርበት ከተማ ስለሚጠገነው ድልድይ አቧራ ስታማርር የዚሁ ከተማ ሰው መሆኗን ዐወቀ። አንድ ጊዜም «ነዝናዛ ጎረቤት አለኝ» ስትለው «ጭራሽ ዕረፍት አትስጪው!» ብሎ መክሯታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልቡ ያሳቀችው እሷ ነበረች። ታዲያ በቀደም «ስክሪኑ ሁሉ ብዥ አለብኝ፤ ደህና ሁን» ብላ ጠፋች። ቢጽፍ፣ ቢለምን፣ ጭጭ።

ከዚያ ብልሃት መጣለት። በከተማው ያለው መነጽር ቤት የእሱ ብቻ ነው፤ ዓይኗ ከደከመ የት ትሄዳለች? የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ እንደ አዲስ አሳተመና ቦርጫሙን አናቱ ላይ ጎለተው።

ጣጣው አይጣል ነበር! ዓይኑ ጥርት ያለ ሾፌር «ፒ ነው... አይ፣ ቢ... ኧረ ጉዴ፣ ታወርኩ!» ብሎ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። መነጽር ሠሪው አባብሎ ሸኘው፤ ሰሌዳውን ግን አላወረደም።

አንድ ከሰዓት ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ገባች። የስፌት መኪናዋ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው እሱ በጫማው ይደበድባል፤ እሷ ደግሞ ብሶባት ፔዳሉን ትረግጣለች። ሰላምታ ካቋረጡ ቆይተዋል።

«ሌላ መነጽር ቤት ቢኖር ደጅህን አልረግጥም ነበር» አለች።

«ሳንጀምር አትነታረኪኝ። የላይኛውን አንብቢ።»

«ቶርን» አለች ሳታመነታ። ከዚያ ከሰሌዳው ወደ እሱ ዞረች።

እሱም በእጁ የያዘውን ሌንስ ጣለው። «ጃርት?»

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «"ዕረፍት አትስጪው" ያልከኝ... አንተ ነህ?»

«በደንብ ሰምተሽኛል» አለ፤ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የጠፋሽ ጊዜ ምን እንደሆንኩ ብታውቂ!»

ልብስ ሰፊዋ ጉንጯን በመሐረቧ ጠረገችና አገጯን ቀና አደረገች። «በል መነጽሬን ቶሎ ሥራልኝ» አለችው። «ያልመለስኩልህ ብዙ አለ።»